ለዓሣ ማጥመጃ ሣጥን መከፋፈያ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የተጻፉልን ናቸው። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መንጠቆውን፣ ማስጠሚያ እርሳሱን፣ ተንሳፋፊውንና ክሩን በምን ለይቶ፣ እንዴትስ ከእርጥበት ጠብቆ እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መሠረት ስለሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን የዕረፍት ቀኖቼን ጣና ዳር በመንጠቆ ዓሣ በማጥመድ አሳልፋለሁ። ከገበያ የገዛሁት የፕላስቲክ ሣጥን ጥሩ ክዳንና እጀታ ያለው ቢሆንም ውስጡ አንድ ወጥ ነው፤ ስለካው ርዝመቱ 28፣ ወርዱ 18፣ ጥልቀቱ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። መንጠቆው፣ እርሳሱ፣ ተንሳፋፊውና የተቆራረጠው ክር እየተጠላለፈ፣ ዓሣው ደኅና በሚበላበት ሰዓት እኔ መንጠቆ ፍለጋ ላይ እገኛለሁ። በካርቶን ከፋፍዬው ነበር፤ ውሃ ሲገባበት ግን ርሶ ፈረሰ። በእጄ ከማገኘው ነገር የሚበረክት መከፋፈያ እንዴት ልሥራ? በየትኛው ሙጫስ ላጣብቀው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሙጫው ልጀምር፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። እኔ የምመክርዎት መከፋፈያ ምንም ሙጫ አያስፈልገውም። ቁራጮቹ ግማሽ ድረስ በተሰነጠቀ ጎናቸው እርስ በርስ ተሰካክተው ይቆማሉ፤ ሲፈልጉም እንዳለ ተነሥተው ይታጠባሉ። ይህን የምለው ሥራውን ለማቅለል ብቻ አይደለም። ለዚህ ሥራ በየቤቱ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ የሚሻለው የቢጫ ዘይት ጀሪካን ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙጫ አይቀበልም።

ጀሪካኑ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፖሊኤትሊን ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር ታትሞበት ይገኛል። ውሃ አይጠጣም፣ አይዝግም፣ በእርጥበት አያብጥም፤ ከውሃ ስለሚቀልም ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። ገጹ ፈሳሽ ሙጫ ተዘርግቶ እንዲይዝበት ስለማይመች ግን፣ በሱፐር ግሉም ሆነ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ኢፖክሲ ቢያጣብቁት ለጊዜው የያዘ ይመስልና ከደረቀ በኋላ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል። ስለዚህ መያዣው ሙጫ ሳይሆን አቆራረጡ ነው።

ጀሪካኑን ሲመርጡ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ለብዙ ጊዜ ፀሐይ የመታው ጀሪካን ቀለሙ ገርጥቶ፣ ገጹ ዱቄት መሳይ ነገር አውጥቶ ከሆነ ይተዉት፤ የፀሐይ ጨረር ፕላስቲኩን ስለሚያደርቀው ሲቆርጡት ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት፣ የባትሪ አሲድ ወይም ነዳጅ የነበረበትን ጀሪካን በምንም ምክንያት አይጠቀሙ። በእጅዎ ይዘው ቆሎ በሚቆረጥሙበት፣ ከልጆች ጋር በሚሄዱበት ዕቃ ውስጥ መርዝ የነካው ነገር ቦታ የለውም። ከዚህም በላይ አምባዛ ምግቡን በአብዛኛው በማሽተትና በጢሞቹ በመቅመስ የሚያገኝ ዓሣ ስለሆነ፣ መንጠቆ ላይ የሚቀር የነዳጅ ሽታ ለአጥማጁም አይበጅም። የዘይት ጀሪካንን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ይበቃል።

መቁረጥ ከመጀመርዎ በፊት ግን ያለዎትን ዕቃ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ላይ አውጥተው በየዓይነቱ ይደርድሩት። ብዙ ሰው ሣጥኑን ለክቶ እኩል እኩል ይከፋፍለውና ከዚያ በኋላ ዕቃው አልገባ ይለዋል፤ ጣና ላይ የሚያጠምድ ሰው ዕቃ ደግሞ መጠኑ በጣም የተራራቀ ነው። ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ የሚሆነው መንጠቆ ትንሽ ነው፤ አፉ ጠባብ በመሆኑ ከ6 እስከ 10 ቁጥር ያለው ይስማማዋል። ለአምባዛ ግን ከ2/0 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ትልቅና ወፍራም መንጠቆ ያስፈልጋል። የቁጥሩን አካሄድ ላላወቀ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ከ1 ቁጥር ጀምሮ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ዜሮ የተከተለው ቁጥር ግን ተቃራኒ ሆኖ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ መንጠቆው እየተለቀ ይሄዳል። ይህን ያህል የሚለያዩ መንጠቆዎች በአንድ ክፍል ከተቀመጡ ትልቁ ትንሹን እየያዘ ይወጣል፤ የመጠላለፉ ዋና ምክንያትም ይህ ነው።

በእርስዎ ሣጥን ልክ አንድ ንድፍ አስቤልዎታለሁ። ወርዱን ከፊት ወደ ኋላ በ4 እና በ9 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለት ረጃጅም ቁራጮች ይከፍሉታል፤ 4፣ 5 እና 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ረድፎች ያገኛሉ። ርዝመቱን ደግሞ ከግራ በኩል በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ21 ሴንቲ ሜትር ላይ በአራት አጫጭር ቁራጮች ያቋርጡታል። ከአራቱ መካከል በ5 እና በ10 ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ከፊት እስከ ኋላ 18 ሴንቲ ሜትሩን ይዘልቃሉ። በ15 እና በ21 ላይ ያሉት ሁለተኛውን ረጅም ቁራጭ አልፈው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወጡ ይቆማሉ፤ ርዝመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ያቺ የምትተርፈው አንድ ሴንቲ ሜትር ከንቱ አይደለችም፤ መሰንጠቂያው ከቁራጩ ጫፍ ላይ ከሆነ የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ትንሽ ሲነካ ይወልቃል። በዚህ አኳኋን በፊተኛውና በመካከለኛው ረድፍ አምስት አምስት፣ በኋለኛው ረድፍ ሦስት፣ በድምሩ 13 ክፍሎች ይኖርዎታል። ከእነርሱም አንዱ 18 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰፊ ክፍል ስለሆነ ተንሳፋፊዎችን፣ ፒንሳንና ክር የተጠቀለለበትን ዕንጨት ይይዛል። ዕቃዎ ከዚህ የተለየ ከሆነ ልኮቹን ይለውጡ፤ አሠራሩ አንድ ነው።

የጀሪካኑ ጎን ጎበጥ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ መቃናት አለበት። የታችኛውንና የላይኛውን ክፍል በመጋዝ ወይም በሰጌቶ ቆርጠው ጥለው ሰፊውን ጎን በሉህ መልክ ያውጡት። ከዚያም ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አድርገው የፈላ ውሃ ቀስ እያሉ ያፍስሱበትና ወዲያው ሌላ ሳንቃ ጭነውበት፣ በላዩ ድንጋይ ወይም የሞላ ባልዲ አስቀምጠው ፈጽሞ እስኪበርድ ይተዉት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ የሚቀልጠው ደግሞ በ130 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የፈላ ውሃ ያለሰልሰዋል እንጂ አያበላሸውም። እሳት ላይ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ፕላስቲኩ እሳት ከያዘ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው እጅ ላይ ካረፈ ተጣብቆ ያቃጥላል።

የፈረሰብዎትን ካርቶን አይጣሉት፤ ትክክለኛ አገልግሎቱ አሁን ነው። በፋብሪካ የሚወጡ የፕላስቲክ ሣጥኖች ከቅርጻቸው በቀላሉ እንዲወጡ ሲባል ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው ስለሚሠሩ ወለሉን ብቻ ለክቶ መቁረጥ ከላይ ክፍተት ይፈጥራል፤ ከላይ ብቻ ለክቶ መቁረጥም ቁራጩን አላስገባ ይላል። የሣጥኑ የታችኛው ጥግም ብዙውን ጊዜ ክብ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ከካርቶን አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሞዴል ቆርጠው ሣጥኑ ውስጥ እያቆሙ፣ ጎኑን እየሸረፉና የታችኛውን ጥግ እያጠጋጉ ልክ እስኪመጣ ድረስ ያስተካክሉት። ልክ ሲሆን ያንኑ በፕላስቲኩ ላይ በማርከር ያስምሩት። ይህ ደረጃ አሰልቺ ቢመስልም ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞዴሉ በትክክል ከወጣ የቀረው መቁረጥ ብቻ ነው።

የቁራጮቹ ከፍታ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ክዳኑ ሲዘጋ ከላይ የሚቀረው ክፍተት ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሣጥኑ ቢገለበጥ እንኳ መንጠቆ ከክፍል ወደ ክፍል አይዘልም። ቀጥሎ መሰንጠቂያዎቹን ያወጣሉ። በረጃጅሞቹ ቁራጮች ላይ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ21 ሴንቲ ሜትር ላይ ከላይ ወደ ታች፣ በአጫጭሮቹ ላይ በ4 እና በ9 ሴንቲ ሜትር ላይ ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱን 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው አድርገው ይሰንጥቁ። ጥልቀቱ ከግማሽ በጥቂቱ የሚያልፈው ሁለቱ ሲሰካኩ የላይ ጫፋቸው እኩል እንዲሆን ነው። የመሰንጠቂያው ስፋት ከፕላስቲኩ ውፍረት ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል። በትርፍ ቁራጭ ላይ አስቀድመው ይሞክሩ፤ ሲገባ ጥቂት የሚታገል፣ ከገባ በኋላ ግን በራሱ የማይወጣ ከሆነ ልኩ ደርሷል። ሰፍቶ ከተገኘ መከፋፈያው ስለሚንገዳገድ ያንን ቁራጭ ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል።

ከቆረጡ በኋላ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ሸካራ ጠርዝ የናይሎን ክርን እየፋቀ ያሳሳዋል፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ያለበት ክር ደግሞ የሚበጠሰው ትልቁ ዓሣ በያዘ ጊዜ ነው። ከዚያም ረጃጅሞቹን መሰንጠቂያቸውን ወደ ላይ አድርገው ሣጥኑ ውስጥ ያቁሙና አጫጭሮቹን ከላይ ይሰኩባቸው። ዕቃውን ከሞሉ በኋላ ክዳኑን ዘግተው ሣጥኑን ገልብጠው ያነቃንቁት። ሲከፍቱት ቦታውን የለቀቀ ነገር ካለ ወይ መከፋፈያው ከክዳኑ ጋር አልተቀራረበም፣ ወይም ከታች ክፍተት አለ።

የታችኛው ክፍተት በተለይ ለ10 ቁጥር መንጠቆ አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ክፍተት ትበቃዋለች። ለዚህ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ጥሩ መፍትሔ ይሆናል፤ በከተማችሁም ከየብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ የማይጠቅም ቁራጭ አይጠፋም። ጎማውን በቁመቱ ቀድደው ሲዘረጉት ሉህ ይሆናል፤ ትናንሽ መንጠቆዎች በሚቀመጡበት በፊተኛው ረድፍ ሥር ብቻ አንጥፈው መከፋፈያውን በላዩ ቢጫኑት ክፍተቱ ይዘጋል። ሙሉ ወለሉን እንዲያለብሱት ግን አልመክርም፤ ከጎማው ሥር የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ይቀመጣል።

ለትልልቆቹ መንጠቆዎች ደግሞ ያረጀ የነጠላ ጫማ ሶል ጠቃሚ ነው። ከሶሉ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው በክፍሉ ውስጥ በጠባቡ ያስገቡትና የመንጠቆዎቹን ጫፍ በተርታ ይሰኩበት፤ አይጠላለፉም፣ የሚያነሡትንም ጣት አይወጉም። የሶሉ ስፖንጅ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይመጥም። የፍራሽ ስፖንጅ ለስላሳነቱ ያማልላል፤ ሆኖም ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ያገኘውን ውሃ ሁሉ ይዞ የተሰካበትን መንጠቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዝገዋል።

ስለ ዝገት ካነሣን ዘንድ፣ መከፋፈያው የቱንም ያህል ቢያምር እርጥብ መንጠቆን ወደ ደረቆቹ መልሶ የሚጨምር ሰው ዕቃውን አይጠብቅም። ከ13ቱ ክፍሎች አንዷን ባዶ አድርገው ያስቀሯትና በዕለቱ ውሃ የነካውን ሁሉ እዚያ ብቻ ይጨምሩ፤ ቤት ሲገቡ አውጥተው አድርቀው ወደየቦታው ይመልሱታል። በደንገል ታንኳ ለሚያጠምድ ሰው ይህ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚሄድ የታንኳው ወለል ደረቅ ሆኖ የሚውልበት ሰዓት የለም። በምግብ ምትክ ዓሣ የሚስብ፣ ከነሐስ የተሠራ የሚያብለጨልጭ ማታለያ ካለዎትም እርጥብ እንደሆነ ከብረት መንጠቆ ጋር አያስቀምጡት፤ ሁለቱ ብረቶች በውሃ ሲገናኙ ብረቱ ከወትሮው ፈጥኖ ይዝጋል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አንድ ክፍል ውስጥ መጣል ይረዳል፤ እሷም እርጥበት ስትጠግብ ሙቀት ላይ ካልደረቀች ሥራዋን ታቆማለች።

ሥራው የሚሠራበትን ወቅት ብመርጥልዎት ክረምትን እመርጣለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲያልፉ መያዝ ቀላል ስለሆነ ጉዳቱም የከፋ ነው፤ በእነዚያ ወራት እነርሱን ትቶ ቤት ውስጥ ሣጥንን ማደራጀት ለዓሣውም ለአጥማጁም የሚበጅ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኛ ያለንበት አካባቢ ቀርከሃ እንደ ልብ የሚገኝበት ነው። ከፕላስቲክ ይልቅ በቀርከሃ መከፋፈያ ብሠራ ይሆናል? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ለሁሉም ሣጥን አይሆንም። የአዊ ደጋ ቀርከሃ ጠንካራ ቢሆንም ክብ ስለሆነ ሲፈለጥ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚወጣው ጠባብ ቁራጭ ነው፤ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ስፋት ካገኙ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ከዚያ ለማይበልጥ ዝቅተኛ ሣጥን ወይም ጣሳ ይስማማል እንጂ ለጥልቅ ሣጥን ሁለት ቁራጭ መደራረብ ሊጠይቅ ነው፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይኖራል።

የሚቆርጡት ቀርከሃ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ የበሰለ ይሁን። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ስታርች ስለሚበዛበትም ነቀዝ ፈጥኖ ይገባበታል። በበጋ ቆርጠው በጥላ ሥር ያድርቁት፤ ከዚያ ለስላሳውን የውስጥ ሥጋ በቢላዋ ፍቀው ጠንካራውን የውጭ ልጣጭ ያስቀሩ። ሲሰነጥቁት ለጀሪካን ከተናገርኩት የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፕላስቲክ ሲሰካ ጥቂት ሲታገል ጥሩ ነው ብያለሁ፤ ቀርከሃ ግን በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ የሚፈለጥ ስለሆነ በግድ የተሰካ ቁራጭ ከመሰንጠቂያው ሥር ተነሥቶ እስከ ጫፉ ድረስ ይከፍለዋል። ስለዚህ መሰንጠቂያውን ላላ አድርገው ያውጡትና መገናኛውን በእንጨት ሙጫ ያጠንክሩት፤ ቀርከሃ ሙጫ ስለሚቀበል በዚህ በኩል ከጀሪካን ይሻላል። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ቨርኒሽ ቢቀቡት ውሃ እንዳይጠጣ ይከላከልለታል፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ግን ዕቃ አይጨምሩበት።

በበኩሌ ቀርከሃን የምመርጠው ቤት ለሚቀመጥ ሣጥን ነው። ተጨማሪ መንጠቆና ክር፣ መለዋወጫ ተንሳፋፊ የሚቀመጥበት፣ ውሃ ዳር የማይሄድ ሣጥን በአካባቢው ባለሙያ እጅ በቀርከሃ ቢከፋፈል ከፕላስቲክ ይልቅ ያማረ ይሆናል፤ ያንን ሙያ የያዙ ሰዎች ቅርብዎ ስለሚገኙም ልኩን ሰጥተው ማሠራት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለ ወንድሜ በትልና በትንሽ ዓሣ ቅርጽ የተሠሩ ለስላሳ የጎማ ማታለያዎች ላከልኝ። ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ ከመጣበት ነጭ ፎም መከፋፈያ ሠርቼ ደርድሬባቸው ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስከፍተው ፎሙ ቀልጦ ማታለያዎቹም ተጣብቀው አገኘኋቸው። ፀሐይ አልነካቸውም። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከቁንዝላ)

መልስ፦ ምክንያቱ ሙቀት አይደለም። እነዚህ ማታለያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ለብቻው እንደ ውሃ ቧንቧ ደረቅ ነው፤ ለስላሳና ተለጣጭ እንዲሆን የሚያደርገው በውስጡ የሚጨመረው ዘይት መሳይ ፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ ከማታለያው ቀስ እያለ እየወጣ ወደ ነካው ነገር ይገባል፤ ነጩ ፎም የሚሠራበትን ፖሊስታይሪን ደግሞ ያሟሟዋል። ፎሙ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ከፖሊስታይሪን የተሠራ፣ ሲሰበር ጭው የሚል ጠንካራና ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥንም እንዲሁ ይሆናል፤ ቀለም የተቀባ የእንጨት ማታለያም አብሮ ከተቀመጠ ቀለሙ ይለጠለጣል። ቨርኒሽ የተቀባ የቀርከሃ መከፋፈያ ያለው ሰውም ይህንኑ ይጠንቀቅ።

የጀሪካን ፕላስቲክና 5 ቁጥር የታተመበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ይህን ፈሳሽ ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ ከላይ ለባሕር ዳሩ አንባቢ በገለጽነው መንገድ መከፋፈያውን ከጀሪካን ይሥሩት። እንደዚያም ሆኖ ማታለያዎቹን ከመጡበት ከረጢት ሳያወጡ ሰፊው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። ጥቁሩን ከነጩ ጋር አይደባልቁ፤ ቀለሙ ይተላለፋል፤ ዓይነታቸው የተለያየ ለስላሳ ማታለያዎችም አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ የሚሟሙበት ጊዜ አለ። የተበላሹትን ሐይቁ ውስጥ አይጣሏቸው፤ አይበሰብሱም፤ ዓሣ ከዋጣቸውም ሆዱ ውስጥ ይቀራሉ። ወንድምዎ የላከልዎት ግን በአግባቡ ከተቀመጠ በጣና የሚጠቅም ነገር ነው፤ ከነጭ ዓሦች መካከል ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ዝርያዎች በርካታ ናቸው፤ በትንሽ ዓሣ ቅርጽ የተሠራ ማታለያም የሚስበው እነርሱን ነው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ቆጋ ግድብ እየሄደ ዓሣ ያጠምዳል። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያወጣ በጣሳ አቅልጦ ማስጠሚያ ይሠራል፤ ከቀሪ ዕቃው ጋርም በአንድ ሣጥን ይይዘዋል። ሣጥኑን የምንከፋፍልበትን መንገድ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ይህ እርሳስ ጉዳት አለው የሚል ወሬ ሰምቼ ደግሞ ሥጋት ገባኝ። (ከመርዓዊ፣ እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሥጋትዎ ትክክል ነው፤ ማቅለጡን ዛሬውኑ ያስቁሙት። እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስና ከአመዱ የሚነሣው ብናኝ በትንፋሽና በእጅ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በተለይ በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን አንጎል ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ አይመለስም። የባትሪው እርሳስ ከሌላው የባሰ ነው፤ ከሚያቃጥለው አሲድ ጋር የተነካካ ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ክፍል በዱቄት መልክ ያለ የእርሳስ ውሕድ ነው። የተቀለጠበትን ጣሳ ለማንኛውም የምግብ ነገር አይጠቀሙበት፤ ያቀለጠበትን ቦታ ደረቁን አይጥረጉት፣ በውሃ እያረጠቡ ያጽዱት፤ ትንንሽ ልጆች በዚያ ዙሪያ እንዳይጫወቱ ያድርጉ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ወስደው ነገሩን ማስረዳት ይገባል።

ክብደት ለማስጠም የግድ እርሳስ አያስፈልግም። ከብረታ ብረት መሸጫ የሚገኝ ዳዶ ክር በቀዳዳው ስለሚያልፍበት ጥሩ ማስጠሚያ ይሆናል፤ ከእርሳስ ቀለል ስለሚል ትንሽ ተለቅ ያለውን መምረጥ ነው። ዳዶ ስለሚዝግ ከመንጠቆ የተለየ ክፍል ይሰጠው። ተሠርቶ የተገዛ እርሳስ ካለውም ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ እንዳያስቀምጠው፤ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ስለሚያወጣና ዱቄቱም ወደ ሌላው ዕቃ ስለሚዛመት፣ ክዳን ባላት ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ከትቶ ብልቃጧን በአንዱ ክፍል ያኑራት። ክር ላይ የምትጨፈለቀዋን ድቡልቡል እርሳስ በጥርስ መንከስ የብዙ ልጆች ልማድ ነውና ፒንሳ እንዲይዝ ይንገሩት፤ እርሳስ ከነካ በኋላም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንዳይበላ።

ሣጥኑን በተመለከተ፣ ለባሕር ዳሩ አንባቢ የሰጠነው አሠራር ለእርሱም ይሆነዋል፤ ጀሪካኑን መቁረጥና ጠርዙን መሞረድ በዕድሜው የሚችለው ሥራ ነው፤ የፈላ ውሃ ማፍሰሱን ብቻ እርስዎ ወይም ሌላ አዋቂ ይሥራለት። ዳዶዎቹና ብልቃጧ ከሌላው ዕቃ ስለሚከብዱ የሚቀመጡበት ክፍል ከእጀታው ትይዩ፣ መሃል ላይ እንዲሆን ያድርግ፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ ሣጥኑ ሲነሣ ያጋድላል፣ መከፋፈያውም ከቦታው ይነቃነቃል።